የተጎዳ የደም ሥርና የሚጠግኑት ህዋሳት፦ ከተስፋ እስከ ማስረጃ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ የርዕሰ መምህር መልእክት እጽፋለሁ። ዘንድሮ ግን ምስጋናውንና የፈተና ውጤቱን ለሌሎች ገጾች ትቼ አንድ የባዮሎጂ ትምህርት ላስተምራችሁ ወደድኩ። ምክንያቴ ሁለት ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ታመው በቀሩበት ሳምንት እኔ ተተክቼ 11ኛ ክፍል ገባሁ። ስለ ደም ዝውውር ስንማር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የተበላሸ የልብ ደም ሥር በመርፌ በሚሰጥ ስቴም ሴል ይድናል የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ያንን ጥያቄ ከእርሷ አንድ ዓመት ቀድሜ እኔ ራሴ መጠየቅ ይገባኝ የነበረ መሆኑ ነው። ባለመጠየቄ በቤተሰባችን ላይ ትልቅ አደጋ ሊደርስ ነበር።

ለተማሪዋ በዕለቱ የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። የተሟላውን መልስ እነሆ።

በእኛ ቤት የሆነው

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ካቻምና ደረታቸውን ሲያማቸው ተመርምረው አንዱ የልብ ደም ቅዳ ጠቦ ተገኘ፤ በስቴንትም ተከፈተላቸው። ሐኪማቸው ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ሁለት ዓይነት ክኒኖች፣ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒት አዘዙላቸውና፣ «እኔ አቁሙ ሳልል እንዳያቋርጡ» ብለው አስጠነቀቋቸው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ቪዲዮ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ዞረ። ውጭ አገር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ከሰውየው ከራሱ ደም ህዋሳት ወስዶ «አሻሽሎ» መልሶ በመርፌ ይሰጣል፣ የደም ሥሩም እንደ አዲስ ይሆናል ይላል። ስሙን አልጠራውም፤ እንዲህ ያለው ክሊኒክ ብዙ ነውና ስሙ ለእናንተ አይጠቅማችሁም። ዋጋው በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነበር። አዲስ አበባ ያለነው፣ ጅቡቲ ያለነው፣ ጅዳና ዋሽንግተን ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉ ማዋጣት ጀመርን። እኔም የሁለት ወር ደመወዜን ላክሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ሆኜ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ስንት ነው?»

አንድ ምሽት ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«እሱንማ ተውኩት እኮ። ገንዘቡን ለጉዞው ላጠራቅም ብዬ። ደግሞ ደላላው ልጅ፣ ህዋሱ ከገባ በኋላ ክኒን አያስፈልግም ብሎኛል።»

«ከተዉት ስንት ቀን ሆነ?»

«አሥራ አንድ ቀን።»

ለምን እንደ ደነገጥኩ በዚያች ሰዓት በቅጡ ማስረዳት አልችልም ነበር። የሐኪማቸውን ትእዛዝ ብቻ አስታወስኩ። በማግስቱ ጠዋት የእህታችን ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ወሰዳቸው፤ መድኃኒቱንም ጀመሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልደረሰባቸውም። ጉዞው ቀረ። የተከፈለው ቀብድ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ከቪዲዮው ጀርባ ያለው ሳይንስ ፈጽሞ ተረት አልነበረም። እውነተኛ፣ ያማረ፣ ነገር ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ሳይንስ ነበር። ውሸቱ «ደርሷል» ማለቱ ላይ ነው።

የደም ሥር ቱቦ ብቻ አይደለም

ጅቡቲ የኖረ ሁሉ የውኃ ቱቦ በጨው ሲደፈን አይቷል። ብዙዎቻችሁ የደም ሥር መጥበብንም እንዲሁ ታስቡታላችሁ፦ ቱቦ አለ፣ ቆሻሻ ይለጠፍበታል፣ ይደፈናል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የውኃ ቱቦ በድን ነው፤ የደም ሥር ግን ሕይወት አለው።

አንድ ደም ቅዳ ሦስት ንብርብር አለው። የውጪው ጠንካራ መሸፈኛ ነው። የመካከለኛው ለስላሳ ጡንቻ ሲሆን ሥሩን ያጠብባል፣ ያሰፋል። የውስጠኛው ደግሞ ደሙ በቀጥታ የሚነካው ገጽ ነው፤ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ይህ ገጽ ውፍረቱ የአንድ ህዋስ ብቻ ነው። እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ህዋሳት ከልብ እስከ እግር ጣት ድረስ ያለውን የደም ሥር ሁሉ ውስጡን አልብሰውታል።

ይህ ስስ ንጣፍ ምን እንደሚሠራ የታወቀው ብዙም ሳይርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት ከጥንቸል ደም ቅዳ ቁራጭ እየወሰደ ሲመራመር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማየቱን አሳተመ። አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር አንዳንዱን ቁራጭ ያላላዋል፤ ሌላውን ግን አያላላም። ልዩነቱ ሲጣራ፣ ሳይላላ የቀረው ቁራጭ ሲዘጋጅ ውስጠኛው ገጹ ተፍቆ የወጣለት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጡንቻውን «ላላ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚያ ስስ ንጣፍ ነው ማለት ነው። መልእክተኛው ኋላ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ታወቀ። በዚህ ዙሪያ ለሠሩት ሥራ ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ ጋዝ ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው። ሥሩን ያሰፋል፤ ፕሌትሌት የተባሉት ደም አርጊዎች ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፤ የመካከለኛው ጡንቻ ያለ ልክ እንዳያድግም ይገታል። ኢንዶቴሊየም የሚሠራው ኢኖስ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት ነው። ይህን ኢኖስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሲጋራ ጭስና ከልክ ያለፈ ኮሌስትሮል መጀመሪያ የሚጎዱት ይህንኑ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሲጎዳ ስብና የመከላከያ ህዋሳት ከሥሩ ይሰርጋሉ፤ ግድግዳው ያብጣል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። የጨውና የቱቦው ምሳሌ ግማሽ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ችግሩ ላዩ ላይ ከሚለጠፈው ይልቅ ግድግዳው ውስጥ ነው።

ጥገናው ራሱ ሲያቆስል

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባለ ሐኪም በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ በሰው የልብ ደም ቅዳ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊኛውን ነፍቶ የጠበበውን ከፈተ። ደረትን ሳይከፍቱ የልብን ደም ሥር መክፈት ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን ፊኛው ሲነፋ ያንን ስስ ንጣፍ ይፍቀዋል፤ ጡንቻውንም ይሰነጥቀዋል። ያለ ንጣፍ የቀረው ጡንቻ «ተጎድቻለሁ» ብሎ ወደ ውስጥ ማደግ ይጀምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሥሩ መልሶ ይጠባል።

ከ1986 ጀምሮ ስቴንት መጣ። ስቴንት የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ የሚያህል ስፋት ያለው የብረት መረብ ሲሆን ሥሩን ከውስጥ ደግፎ ይይዛል። መልሶ መጥበቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ መድኃኒት ባልተቀባ ስቴንት ከ100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ላይ ይታይ ነበር። ስለዚህ ከ2002 ወዲህ የጡንቻውን እድገት የሚገታ መድኃኒት የተቀቡ ስቴንቶች በሥራ ላይ ዋሉ። መጥበቡ በጣም ቀነሰ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ጡንቻውን ሲገታ ስሱን ንጣፍም እንዳያድግ ያዘገየዋል። ብረቱ በህዋስ ሳይለብስ በቆየ ቁጥር ደም በላዩ ላይ ሊረጋበት ይችላል። ሲረጋ ደግሞ የልብ ደም በአንድ ጊዜ ይቆማል።

ለወንድሜ ሁለት የደም መርጋት መከላከያ ክኒኖች የታዘዙት ለዚህ ነበር። ንጣፉ ብረቱን እስኪያለብሰው ድረስ ክኒኖቹ በምትኩ ዘብ ይቆማሉ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ጋሼ ያለ ዘበኛ ነበር ያደሩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ንጣፉን ቶሎ መልሰን ማልበስ ብንችልስ?

ችግኝ ህዋሳት

ለብዙ ዘመን የተጎዳ ንጣፍ የሚድነው አጠገቡ ያሉት ጤነኛ ህዋሳት ተባዝተው ወደ ቁስሉ ሲዘልቁ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ታካዩኪ አሳሃራ፣ ጄፍሪ ኢስነርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ቦስተን ሌላ ነገር አሳተሙ። ከአዋቂ ሰው ደም ሲዲ 34 የሚባል ምልክት ላያቸው ላይ ያላቸውን ህዋሳት ለዩ። ህዋሳቱን በላቦራቶሪ ሲያሳድጓቸው የኢንዶቴሊየምን ጠባይ አሳዩ። የእግራቸው የደም ዝውውር በተቋረጠ እንስሳት ውስጥ ሲያስገቧቸው ደግሞ አዲስ በሚበቅሉት የደም ሥሮች ውስጥ ተገኙ።

እነዚህን ህዋሳት የውጭ መጻሕፍት «ፕሮጀኒተር» ይሏቸዋል። እኔ በክፍል ውስጥ ችግኝ ህዋስ እላቸዋለሁ። ስቴም ሴል፣ ማለትም ግንደ ህዋስ፣ ወደ ብዙ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ ይችላል። ችግኝ ህዋስ ግን አንድ እርምጃ አልፏል። ባሕር ዛፍ ወይም ዋንዛ እንደሚሆን ተወስኗል፤ ነገር ግን ገና አላደገም፤ ነቅለን ሌላ ቦታ ልንተክለው እንችላለን። ሐሳቡም ይኸው ነበር፦ መቅኔያችን ውስጥ የደም ሥር ችግኝ ጣቢያ አለ፤ ችግኞቹ በደም ተጉዘው የተጎዳው ቦታ ላይ ይተከላሉ።

ተስፋው ትልቅ ነበር። ግን ወዲያው አንድ ችግር ታየ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ተብለው የሚቆጠሩት ህዋሳት በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ናቸው። ይባስ ብሎ በሚያጨሱ ሰዎችና በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ቁጥራቸው ይቀንሳል ወይም ጉልበታቸው ይደክማል። ችግኙን በጣም የሚፈልገው ሰው ደካማ ችግኝ ያለው ሰው ሆነ ማለት ነው።

ህዋስን ማሻሻል ምን ማለት ነው?

«የተሻሻለ ህዋስ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከታማሚው ደም ህዋሳት ይለያሉ። ከዚያ በላቦራቶሪ እንዲባዙ ይደረጋል። ቀጥሎ አንድ ጠቃሚ ጂን ወደ ህዋሳቱ ይገባል፤ ማጓጓዣው ብዙ ጊዜ በሽታ የማምጣት ኃይሉ የተወገደ ቫይረስ ነው። በመጨረሻ ህዋሳቱ ወደተጎዳው ቦታ ይመለሳሉ። ጂን ማለት ህዋስ አንድን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያነብበት መመሪያ ነው። ተጨማሪ መመሪያ የተሰጠው ህዋስ ያንን ፕሮቲን በብዛት ይሠራል።

ሁለት ሙከራዎችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሳሃራ ቡድን የደም ሥር እድገትን የሚያነሳሳ ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ጂን ወደ ችግኝ ህዋሳት አስገባ። የእግራቸው ደም በተቋረጠ አይጦች ላይ ሲሞከር፣ እግሩን ለማዳን የሚያስፈልገው የህዋስ መጠን ቀደም ባሉት ሙከራዎች ካልተሻሻሉት ህዋሳት ካስፈለገው በ30 እጥፍ ያነሰ ሆነ።

ሁለተኛው ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የቪክቶር ዛው ቡድን የጥንቸሎችን የአንገት ደም ቅዳ በፊኛ ፍቆ፣ ከራሳቸው ከጥንቸሎቹ ደም የተወሰዱ ህዋሳትን ተከለበት። ለአንዳንዶቹ ህዋሳት ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን የኢኖስን ጂን ሰጧቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲታይ፣ የኢኖስ ጂን ያላቸው ህዋሳት በተተከሉበት ሥር ወደ ውስጥ ያደገው ጡንቻ ካልተሻሻሉት ህዋሳት ጋር ሲነጻጸር እንኳ ያነሰ ነበር። ሄም ኦክሲጂኔዝ-1 የተባለ ሌላ ጂን የተሰጣቸው ግን ተጨማሪ ጥቅም አላሳዩም። ይህን ልብ በሉ፦ «ማሻሻል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። በየትኛው ጂን? ለምን ዓላማ? ውጤቱስ ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

ጂን ማስገባትም የራሱ አደጋ አለው። በፈረንሳይ በተወለዱበት የመከላከያ አቅም ማነስ ይሠቃዩ የነበሩ ሕፃናት በቫይረስ በገባ ጂን ታክመው ነበር፤ ብዙዎቹም ተሻላቸው። ነገር ግን ከ2002 ጀምሮ ከእነዚሁ ሕፃናት አንዳንዶቹ በደም ካንሰር ተያዙ። ቫይረሱ ጂኑን ያስቀመጠው ካንሰር ሊቀሰቅስ በሚችል ሌላ ጂን አጠገብ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ማጓጓዣዎቹ ተሻሽለዋል፤ ትምህርቱ ግን ዋጋ ተከፍሎበታል።

ሳይንስ ራሱን ሲያርም

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታስታውሱት የምፈልገው ክፍል ላይ ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በደም ውስጥ «የደም ሥር ችግኝ» እየተባሉ የነበሩትን ህዋሳት በቅርብ ሲመረምር፣ አብዛኞቹ ከነጭ የደም ህዋስ ወገን ሆነው አገኛቸው። በ2007 ደግሞ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሜርቪን ዮደር ቡድን ህዋሳቱን አንድ በአንድ እየለየ አሳደጋቸው። ያኔ በስፋት «ችግኝ» ተብለው የሚቆጠሩት በእውነት የደም ሥር አይሠሩም፤ ማክሮፌጅ የተባለ ባዕድን የሚውጥ የመከላከያ ህዋስ ይሆናሉ። ዘግይተው የሚያድጉ፣ በቁጥር እጅግ ያነሱ ሌሎች ህዋሳት ግን እውነተኛ ደም የሚያስተላልፍ ሥር ሠርተው ታዩ።

ታዲያ የቀደሙት ሙከራዎች ሐሰት ነበሩ? አይደሉም። እንስሳቱ በእውነት ተሽሏቸዋል። የተሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ህዋሳት ራሳቸው ግድግዳ አልሆኑም፤ ይልቁንም አጠገባቸው ያሉትን ጤነኛ ህዋሳት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጩ ነበር። ግንበኛ ናቸው ብለን የቀጠርናቸው፣ ግንበኞቹን የሚያነቃቁ ሆነው ተገኙ።

አንዳንድ ወላጅ፣ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ከተሳሳቱ ማንን እንመን?» ይል ይሆናል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ያ ክሊኒክ በቪዲዮው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ «ተሳስተን ነበር» አላለም። ስህተቱን በአደባባይ የሚያርም ሙያ ነው ሊታመን የሚገባው። ተማሪዎች በላቦራቶሪ ደብተራችሁ ላይ የተሳሳተውን ውጤት ሰርዛችሁ «ትክክለኛውን» ከጓደኛችሁ ስትገለብጡ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ወደ ሰው ሲመጣ

የተሻሻሉ ህዋሳት በሰው ላይ ተሞክረዋል? አዎ፤ በጥንቃቄና በጥቂት ሰዎች ላይ። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች የሳንባ ደም ሥር ግፊት በተባለ ከባድ በሽታ የተያዙ 7 ሰዎችን ውጤት አሳተሙ። ከታማሚዎቹ ደም ህዋሳት ተወስደው የኢኖስ ጂን ገባባቸውና መጠናቸው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ተሰጧቸው። ዋናው ዓላማ ሕክምናው አደገኛ መሆን አለመሆኑን ማየት ነበር። በአጠቃላይ ሰውነታቸው ተቀብሎታል፤ በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀትም ጨምሯል። በሽታው እጅግ የጸናበት አንድ ታማሚ ግን ከሆስፒታል እንደ ወጣ ሞቷል።

7 ሰው ጥቂት ነው። ከዚያም በላይ ህዋሱ ያልተሰጠው አነጻጻሪ ቡድን አልነበረም። ሰው ተስፋ ሲሰጠው፣ ሐኪም በቅርብ ሲከታተለው ብቻ እንኳ ረዘም አድርጎ ሊራመድ ይችላል። ህዋሱ ነው ያሻለው ለማለት ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ እውነተኛውን፣ ገሚሶቹ የይስሙላውን ወስደው፣ ማን ምን እንደ ወሰደ ሳይታወቅ መመዘን አለባቸው።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ህዋስ ከመስጠት ይልቅ ሲዲ 34 ያላቸውን ህዋሳት ከደም ውስጥ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በስቴንት ላይ ተቀባ። ሐሳቡ ብልህነት ነበረው። ነገር ግን ያ ምልክት በሌሎች ህዋሳትም ላይ ስለሚገኝ ስቴንቱ የሚይዘው ችግኞቹን ብቻ አልነበረም፤ መልሶ መጥበብን በመከላከልም መድኃኒት ከተቀቡት ስቴንቶች አልበለጠም።

እንግዲህ ለ11ኛ ክፍሏ ተማሪ መልሴ ይህ ነው፦ ልጄ፣ በጥንቸልና በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጥቷል፤ በሰው ላይ ተጀምሯል፤ የልብ ደም ሥር ለጠበበ ሰው ግን ሐኪም ዛሬ ሊያዝዘው የሚችል የተረጋገጠ ሕክምና አልሆነም። የግንደ ህዋስ ሕክምና ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለአሥርት ዓመታት የተፈተነና ብዙ ሕይወት ያዳነ ሕክምና ነው። ልዩነቱ የመፈተኑ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አራት ጥያቄዎች

የእኛ ሰው ዘመድ ሲታመም አይጨክንም። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ በስደት ያለው ሁሉ ያዋጣል። ይህ ኩራታችን ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

1. የተሞከረው በማን ላይ ነው? በሳህን ላይ ባለ ህዋስ፣ በእንስሳ ወይስ በሰው? በሰው ከሆነ በስንት ሰው?

2. ከምን ጋር ተነጻጸረ? «የታከሙት ተሻላቸው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ያልታከሙትስ?

3. ማን ይከፍላል? በእውነተኛ የምርምር ሙከራ ላይ የሚሳተፍ ታማሚ ለሚሞከርበት ሕክምና ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አይጠየቅም። «ምርምር ነው» ካሉ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ከሆነ ቆም በሉ።

4. የያዝነውን መድኃኒት ተው ይሉናል? ይህን የሚለው ደላላ ወይም ማስታወቂያ ከሆነ፣ ወሬውን እዚያው ላይ አቁማችሁ ለሐኪማችሁ ደውሉ።

እስከዚያው ድረስ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 የልብና የደም ሥር በሽታዎች 17.9 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ገድለዋል፤ ከሦስት አራተኛው በላይ የሞተውም እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪውን ውጤት እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም።

ኢንዶቴሊየም በሕይወት ያለ ስለሆነ እንክብካቤ ያውቃል። ሲጋራና ሺሻ መተው፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ ጨው መቀነስ፣ ደም ግፊትንና ስኳርን መለካት፣ የታዘዘን መድኃኒት አለማቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ያንን ስስ ንጣፍ ይጠብቃሉ። ወላጆች ሆይ፣ ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ግፊታችሁን ተለኩ። ልጆች፣ አያታችሁ ክኒናቸውን መዋጣቸውን ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ለወራት ዘግይቼበታለሁ።

ጋሼ ዛሬ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ይራመዳሉ። ይህን ታሪክ ልጽፈው እንደሆነ ነግሬ ፈቃዳቸውን ስጠይቃቸው፣ «ጻፈው፤ ልጆቹ ይማሩበት። ስሜን ግን ተወው» አሉኝ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የፊኛ ሕክምና የጠበበን ሥር ከከፈተ በኋላ ሥሩ መልሶ የሚጠብበው ለምንድን ነው? በመልሳችሁ ውስጥ ኢንዶቴሊየም፣ ለስላሳ ጡንቻና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሉትን ቃላት ተጠቀሙ።

2. በጥንቸሎቹ ሙከራ ውስጥ ያልተሻሻሉ ህዋሳት የተተከሉባቸው ጥንቸሎች ለምን አስፈለጉ? እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ምን ማለት አንችልም ነበር?

3. በ2007 የታተመው ውጤት የ1997ቱን ግኝት በምን አረመው? ምንስ ሳይነካ ተወለት?

4. በቤታችሁ የታየ ወይም የተሰማ አንድ የጤና ማስታወቂያ ምረጡ። በአራቱ ጥያቄዎች መዝኑትና ውጤቱን ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ትምህርት ሲከፈት ቢሮዬ አምጡልኝ። በሩ ክፍት ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ርዕሰ መምህራችሁ